ሳሮን ከበረዶው እስክትመለስ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእንግዳ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያለህበት አገር ሰላም ይሁንልህ። የእኛን ጤና አትጠይቀኝ፣ ከዚህ በታች ታገኘዋለህ።

ስልክ ያልደወልኩት ድምፅህን መስማት ስለማልፈልግ ነው። አንተም የእኔን እንደማትፈልግ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ አሳይተኸኛል። ስለዚህ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ጎረቤታችን መሰረት በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ተቀምጠህ አንብበው።

ወንድሜ፣ አጎትህ ጋሽ ነጋ ባለፈው ዓርብ፣ ኅዳር 19፣ ማለዳ ላይ አርፈዋል። በማግስቱ ሥላሴ ቀብረናቸዋል። አልተሠቃዩም። ማታ ሾርባቸውን ጠጥተው፣ ብርዱን እንደ ልማዳቸው ረግመው፣ እንደተኙ ቀሩ። ሰዉ ጥሩ አድርጎ አልቅሶላቸዋል። አንተ አልነበርክም። ለማን ቀብር ነበርክና።

አሁን ጉዳዩ ሳሮን ናት። እናቷን በልጅነቷ ቀብራለች፣ የቀሯት አባቷ ነበሩ፣ እሳቸውም ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ዘመድ ተሰብስቦ መክሮበታል። የነርስነት ፈተናዋ ታኅሣሥ 3 ነው፣ በእናንተ ዲሴምበር 12 መሆኑ ነው። ለዚያ ፈተና እንቅልፍ አጥታ እንዴት እንደኖረች ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እስክትፈተን ድረስ እንዳትሰማ ተወስኗል። በተፈተነች ማግስት፣ ሰማዩ ሳይገልጥ፣ ለሥራ ሳትወጣ፣ ሰው ሰብስበህ ዳላስ አጠገብ ሜስኪት የሚባለው ከተማ፣ ቤቷ ድረስ ትሄድና መርዶዋን ትነግሯታላችሁ። ብቻህን እንዳትሄድ። ብቻዋንም እንዳትሰማ። በዚያ አገር ያላት የሥጋ ዘመድ አንተ ነህ። ሌላ ቢኖር ኖሮ አንተን ባልለመንኩ።

እስከዚያው ስልካቸው እኔ ዘንድ ነው። በየቀኑ ትደውላለች። ጉሮሯቸውን አሟቸው ሐኪሙ ለጊዜው አትናገሩ ብሏቸዋል ብያታለሁ። ዓይናቸው ፊደል መለየት ከተወ ቆይቷል፣ እንደምታውቀው ሁለቱ የሚጻጻፉት በድምፅ ነበር። አሁንም ድምፅ ትልካለች፣ እኔ ጆሯቸው ላይ አስጠግቼ የማሰማቸው እየመሰላት። ትናንት፣ «አባዬ፣ አንተ ዝም ስትል ደብረ ብርሃን እንዴት ሰላም ሆነች!» ብላ እየሳቀች ላከች። ስልኩን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

በዚህች ነገር እንኳ እንደ ሰው ሁን።

አስካለማርያም


ዩለስ፣ ዲሴምበር 4፣ 2025

ለእትዬ አስካለማርያም፣

የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ ቤተሰቡንም ሁሉ ያጽናና።

ወረቀትዎ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነው። ኤርፖርቱ ሜዳ ላይ አንዱን አውሮፕላን ጭነን ሌላው እስኪመጣ ስንጠብቅ ስልኬን ከፈትኩ። «ተቀምጠህ አንብበው» ብለዋል። የተቀመጥኩት የሻንጣ ጋሪ ላይ ነበር። መቼም ለእኔ መርዶ የሚነግሩበት መንገድ ይገርመኛል። የእናቴን በስልክ ነገሩኝ፣ የጋሽ ነጋን ደግሞ በፎቶ። ጋሽ ነጋ ለእኔ ምን እንደነበሩ ለእርስዎ አልዘረዝርም። ሌላው አውሮፕላን መጣና ተነስቼ ሻንጣ ጫንኩ።

እስከ ፈተናው ዝም እንበል ያላችሁትን ተቀብያለሁ። በማግስቱ የሚለው ግን አይሆንም።

ከአምና ጀምሮ ያቀድነው ጉዞ አለ። ዲሴምበር 26 ከዚህ ተነስተን ኒው ሜክሲኮ ወደሚባለው ተራራማ አገር እንሄዳለን። በመኪና ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ስኪ የሚሉትን፣ እግር ላይ ረጅም ጠፍጣፋ ነገር አስረው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን፣ ልጆቹ ሊማሩ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ቤተሰብ፣ ሳሮንና ልጇ ማራኪ፣ እኔም። ተራራው ሥር የእንጨት ቤት ተከራይተናል፣ ቫኑን የምነዳው እኔ ነኝ። 29 እንመለሳለን።

ሳሮን እዚህ አገር ከገባች ወዲህ ዕረፍት የሚባል አይታ አታውቅም። የገናን ሰሞን የሰው አባትና እናት ከአልጋ እያነሳች፣ እያጠበችና እያጎረሰች ነው የምታሳልፈው። ማራኪ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ሥራ ስትሄድና ከሥራ ስትመጣ አይታለች፣ ስትጫወት ግን አይታ አታውቅም። ይህን ጉዞ በግድግዳ ላይ ሥዕል ሥላ እየጠበቀችው ነው።

ደግሞ ጋሽ ነጋም ያውቁ ነበር። በጥቅምት የላኩላትን ድምፅ ሳሮን አሰምታኛለች። «አንቺ ደንባራ! ሜዳ ላይ የምትወድቂ ሴትዮ፣ ብርድ ፍለጋ ተራራ ልትወጪ ነው? እዚህ በነፃ ሞልቶልሽ! ስትወድቂ ቪዲዮ ላኪልኝና ልሳቅ» ነው ያሏት። ከኋላ እርስዎም ሲስቁ ይሰማል።

ስለዚህ ከበረዶው ትመለስና ትሰማለች። ሁለት ሳምንት ጋሽ ነጋ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም።

ደህና ይሁኑ።

እንግዳ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእንግዳ፣

ሰላም ማለት ግዴታ ስለሆነ ሰላም ላንተ።

«ነፍስ ይማር» የምትል ሁለት ቃል መጻፍ አቃተህ? ሃይማኖትህን የቀየርክ ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ሲነሳብህ፣ «ተዉት፣ ልጄ ነው፣ እንደፈለገ ይጸልይ» ብለው የቆሙልህ እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ለነፍሳቸው አንድ መስመር ነፈግካቸው። ይሁን።

አባቷ አፈር ውስጥ ገብተው እሷ ሳንቃ እግሯ ላይ አስራ ልትንሸራተት? ለዚያውም በጾም? አንተ ካገርህ ከወጣህ ሰው የሚባል ነገር እንዳለ ረስተኸዋል። እኔ ግን በሰው መካከል ነው ያለሁት። ለቅሶ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ «ልጅቷ ሰማች ወይ?» ብሎ ነው። አልሰማችም ስል ከንፈሩን ይመጥጣል። ከፈተናው በኋላ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? በረዶ ላይ ልትጫወት ሄዳለች፣ ስትመለስ ታለቅሳለች ልበል?

አርባቸው የገና ዋዜማ ነው የሚውለው። ከተራራ ተመልሳ መቼ ሰምታ፣ መቼ ትኬት ቆርጣ፣ መቼ ልትደርስ ነው? ይህን አስበኸዋል? አላሰብከውም። አንተ የምታስበው ቫንህን ነው።

ሁለት ሳምንት እሳቸው ላይ አይለውጥም ብለሃል። እሳቸው ላይ አይለውጥም፣ እኔ ላይ ይለውጣል። አንተ እዚያ ተቀምጠህ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። እኔ በየቀኑ እዋሻለሁ። ዛሬ ምን በሉ ትለኛለች፣ ገንፎ እላለሁ። መድኃኒቱን ዋጡ ወይ ትለኛለች፣ እምቢ ብለው በመከራ እላለሁ፣ እሷም ትስቃለች፣ እልኸኛ ነው ትላለች። ትናንት ደግሞ፣ «መናገር ካልቻለ አንዴ ያስልልኝና ልስማው» አለችኝ። ምን ላድርግ? ከጎረቤት ሽማግሌ ጠርቼ ላስስል? ተኝተዋል ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ እህል አልቀመስኩም።

አንተ በእኔ ውሸት ላይ ተቀምጠህ ሽርሽር ታቅዳለህ። ፈተናዋ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ትነግሯታላችሁ። ሌላ ቀን የለም።

አስካለማርያም


ዩለስ፣ ዲሴምበር 16፣ 2025

ለእትዬ አስካለማርያም፣

ጤና ይስጥልኝ። ፈተናዋን በደህና ጨርሳለች። ቅዳሜ አልነገርናትም። ጻፍኩልዎ እኮ፣ አይሆንም ብዬ።

ቅዳሜ ምን እንደተደረገ ይወቁ። እርስዎ መርዶ በቀጠሩበት ቀን ሳሮን ማራኪን ይዛ ቤቴ መጣች። የፊቷ እብጠት እንኳ ጎድሎ ነበር፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ተኝታ ያደረች ሰው ነው የምትመስለው። የበረዶ ልብሳቸውን ከፌስታል አውጥተው ምንጣፌ ላይ ዘረገፉት።

«ሶ እንግዳ፣ ይሄን ጓንት እይልኝ» አለችኝ። «ታንክስጊቪንግ በዓል ማግስት፣ ብላክ ፍራይደይ ሴል ላይ ዋጋው ሲወርድ ነው ያገኘሁት። ውስጡ ፀጉር ነው፣ ውሃ አያስገባም። ማለቴ፣ በረዶ ላይ ስወድቅ ቢያንስ እጄ ደረቅ ይሁን።»

ማራኪ ደግሞ፣ «አንክል፣ ማማ ትወድቃለች፣ እኔ ቪዲዮ አደርጋለሁ፣ ለአባባ ሴንድ እናደርጋለን። አባባ ብዙ ይስቃል» አለችኝ።

ኦኬ አልኩ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ዕቃ ረሳሁ ብዬ ወጣሁና ፓርኪንጉ ውስጥ ቆምኩ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ ብለዋል። ዝም ማለት ቀላል መስሎዎት ከሆነ አልሞከሩትም።

አሁን ስለ ስልክ ልንገርሽ። አዎ፣ አንቺ ነው ያልኩሽ። እናቴ የሞተች ቀን ከሥራ ወጥቼ ሀይዌይ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ፣ አነሳሁት። «እንግዳ፣ እናትህ አርፋለች፣ ወንድ ሁን» አልሽኝና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል አይሠራም። ግራ ቀኙ መኪና ነው፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና ጥሩንባ ይነፋል፣ መቆም አይቻልም። እየጮኽኩ ነዳሁ። እንደምንም ዳር ይዤ ስቆም ፖሊስ መጣ። የሰከርኩ መስሎት አስወረደኝና መንገዱ ዳር ያለው ነጭ መስመር ላይ አስኬደኝ። እናቴ በሞተች ሰዓት አለመስከሬን ለማስመስከር አንድ እግሬን ከሌላው ፊት እያስቀደምኩ ስራመድ ነበር። ትከሻዬን የያዘኝ ሰው ፖሊሱ ብቻ ነው፣ እሱም እንዳልወድቅ ብሎ።

እንደዚያ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ሳሮንን እንደዚያ አላደርጋትም። አንድ ጊዜ ከልጇ ጋር ትሳቅ። ከዚያ እኔ ራሴ፣ በሰው መካከል፣ ይዤ እነግራታለሁ።

እንግዳ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ እንግዳ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ትልቅ ሰው ሆነዋልና በማዕረግዎ ልጥራዎት ብዬ ነው።

ፊደሉ አንሶብኝ መሰረት ናት ያነበበችልኝ። «አንቺ» የምትለው ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። በሰው ልጅ ፊት አዋረድከኝ። እናትህ በሕይወት ብትኖር በእኔ ላይ አንቺ ስትል ሰምታ አፍህን በበርበሬ ታጥነው ነበር።

ሀይዌይህን ሰማሁ። አሁን አንተ ደግሞ የእኔን ስማ። እናትህ ያረፈች ቀን አንተ ዘንድ የሚሄድ ሰው ለመፈለግ ከማለዳ ጀምሮ ስደውል ነው የዋልኩት። ግራንድ ፕሬሪ ያለውን ኃይለ መስቀልን አገኘሁት። መጋዘን ሌሊት ሠርቶ መግባቱ ነበር፣ ማታም ተመልሶ ይገባል፣ ከሰኞ በፊት ሰው መሰብሰብ አልችልም አለኝ። ሌላው ታክሲ ላይ ነኝ አለ። አንዷ አለቃዬ አይፈቅድልኝም ብላ አለቀሰች። ያ ሁሉ አበሻ ባለበት ከተማ ለአንድ ማለዳ አብረው የሚቆሙ ሰዎች ጠፉ። በዚያ መካከል የአክስትህ ልጅ የእናትህን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ ነው አለ። ከዚያ ከሚያየው ከእኔ ይስማ ብዬ ደወልኩ። ወንድ ሁን ያልኩህ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ ነው። የተቋረጠው ኔትወርኩ ነው። አጎንብሼ እያለቀስኩ ሃሎ ሃሎ ስል ነበር።

ሦስት ዓመት አልጠየቅከኝም። ስላልጠየቅከኝ አልነገርኩህም። አሁንም የነገርኩህ ይቅር በለኝ ለማለት አይደለም፣ ስለ መርዶ እኔን ልታስተምረኝ እንዳትሞክር ነው።

እስከ ታኅሣሥ 16 ካልነገራችኋት እኔው እደውልላታለሁ። መኪና ውስጥ ትሁን ቤቷ የማውቀው ነገር የለም። የሚሆነው ሁሉ በአንተ ራስ ይሁን።

አስካለማርያም


ዩለስ፣ ዲሴምበር 22፣ 2025

ለእትዬ አስካለማርያም፣

ጤናዎን ያብዛልዎ። ስለ ኃይለ መስቀል የጻፉትን አላውቅም ነበር። እሱም ነግሮኝ አያውቅም። አሁን ስለዚያ የምለው የለኝም።

እባክዎን አይደውሉላት።

ቀኑ ተቆርጧል። ዲሴምበር 30፣ ማክሰኞ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሜስኪት። ኃይለ መስቀል ይመጣል። የእሷ ቄስ ይመጣሉ፣ የእኛ ፓስተርም። አብረዋት የሚሠሩ ሴቶች አሉ፣ ከዩለስ ደግሞ ከእኔ ጋር ሻንጣ የሚጭኑ ልጆች። በዲሴምበር ኤርፖርትም መጋዘንም ለማንም ፈቃድ አይሰጥም። ሰዎቹ ሺፍት ተለዋውጠው፣ አንዱ የገናን ቀን ለሌላው ሠርቶለት፣ አንድ ላይ ነፃ የሚሆኑበት ማለዳ ይህ ብቻ ነው የተገኘው። ከበረዶው በፊት ቢሆን ኖሮ እኔን ብቻ ነበር የምታገኘው። ትኬቷም ተይዟል፣ ጃንዋሪ 3 ትነሳለች፣ ለአርባው ትደርሳለች።

ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ያልነገርኩዎት እንዲያምኑኝ ስለፈለግሁ ነው። አላመኑኝም።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሳሮን ተጠራጥራለች። ትናንት ደውላልኝ፣ «አባዬ አንድ ነገር ካላለኝ ስኪውን ካንስል አድርጌ አገር ቤት እሄዳለሁ፣ የሆነ ነገር ደብቃችሁኛል» አለችኝ። ልጇን ይዛ ብቻዋን መጥታ የግቢው በር ላይ ልትሰማ ነው? በስልካቸው አንድ ቃል ይጻፉላት። «ደህና ነኝ፣ ሂጂ» ብቻ። መናገር ስላልቻሉ እርስዎን ያስጻፉ ይመስላታል።

እንግዳ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእንግዳ፣

ስትፈልገኝ መልሼ እርስዎ ሆንኩ። ደስ ይላል።

አልጽፍም። እኔ በአፌ የዋሸሁት ይበቃኛል። በሞተ ሰው ስልክ፣ በሞተ ሰው ስም፣ ደህና ነኝ ብዬ አልጽፍም። ትናንት ስትደውል፣ «ሂጂ ብለዋል፣ ብትቀሪ እቆጣለሁ ብለዋል» አልኳት። አመነችኝ መሰለኝ። ወይም ማመን ፈልጋ ይሆናል።

እስከ ማክሰኞ አልደውልላትም። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ፣ ሺፍታቸውን ለለወጡት ሰዎች ብዬ ነው። ሂዱ። ልጅቷንና እናቷን እግዚአብሔር ከነአጥንታቸው ይመልሳቸው። አንተ ውደቅ።

አስካለማርያም


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእንግዳ፣

ዛሬ የገብርኤል ዕለት ነው። ሰላምታውን በዚያ አግኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ስልካቸውን ብከፍት ቪዲዮ ተልኳል። ሁለት ጊዜ ዘጋሁት፣ በሦስተኛው አየሁት። ሳሮን ሰማያዊ ልብስ ለብሳ፣ ያን የምትለውን ጓንት አድርጋ፣ እግሯን እንደ ዳክዬ ከፍታ ትመጣለች። ሁለት ክንድ ያህል ሄዳ በጎኗ ዘጭ አለች። ማራኪ ከጀርባ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፣ ስልኩ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሳሮን በረዶ ፊቷ ላይ ሆኖ ቀና አለችና፣ «አባዬ! ይኸው ወደቅኩልህ! ደስ አለህ? በል ሳቅ! ድምፅህ ባይወጣ እንኳ አንዲት ነገር አስጽፈህ በለኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች።

እንደዚያ ስትስቅ በልጅነቷ ነው ያየኋት። አንተ ያልከው ሳቅ እውነት ነበር። ይህን ስጽፍልህ ጥርሴን ነክሼ ነው።

መሰረት አልነበረችም። በራሴ ጣት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ጻፍኩላት። «አየሁሽ ልጄ። ጎበዝ ነሽ። አይዞሽ። ተባረኪ።» ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። እሳቸውስ ቢሆኑ ሌላ ምን ይሏት ነበር?

አልጽፍም ያልኩትን ጻፍኩልህ። ደስ ይበልህ። ኃጢአቱን ግን ከእኔ ጋር ለመካፈል እንዳትመጣ፣ ሙሉው የአንተ ነው።

አስካለማርያም


ዩለስ፣ ጃንዋሪ 1፣ 2026

ለእትዬ አስካለማርያም፣

እንደምን ሰነበቱ? መጀመሪያ አስፈላጊውን ልጻፍ። ሳሮንና ማራኪ ቅዳሜ ይነሳሉ፣ እሑድ ቦሌ ይገባሉ። የሚቀበላቸው ሰው ይላኩ። የአባቷን ስልክ አዘጋጅተው ይጠብቋት፣ ውስጡ ካለው አንድም ነገር እንዳይጠፋ ብላለች። እኔ አብሬ ልመጣ ነበር። አትምጣ ብላኛለች።

የጻፉት ቃል የደረሳት በማግስቱ ማለዳ ነው። የተከራየነው ቤት ኔትወርክ አልነበረውም። ወደ ተራራው ጫፍ የሚያወጣ፣ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አለ። ሳሮንና ማራኪ ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላቸው ባለው ብቻዬን ሆንኩ። ከፍ ስንል የሁላችንም ስልክ መጮህ ጀመረ። ሳሮን የቀኝ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀችና ስልኳን አወጣች።

«አባዬ መለሰልኝ!» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ስልኳ ላይ አጎነበሰች። ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ብዙ ቆየች። ቀስ ብላ የማራኪን ራስ ወደ ጎኗ አስጠጋችው። ያኔ አወቅሁ። ልጠራት ፈለግሁ፣ ብጠራት ምን ልላት ነው? ልወርድ ብል ከእግሬ በታች የጥድ ጫፍ ነው ያለው። ልጇ አጠገቧ ስለነበረች መጮህ አልቻለችም። ሽቦው እስኪያደርሳት ድረስ እንደዚያው ሄደች።

ጫፉ ላይ ስትደርስ ወርዳ እዚያው መንገዱ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩን የሚቆጣጠረው ልጅ ማሽኑን አቆመው። እኔ አየር ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ማራኪ፣ «ማማ፣ እንደገና ወደቅሽ?» እያለች ስትስቅ ከላይ እሰማለሁ።

ማሽኑ ተነስቶ ስደርስባት ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ እንዲህ አይለኝም» አለችኝ። «በዕድሜው ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ወድቄ አይቶ ተባረኪ አይልም፣ ደንባራ ነው የሚለኝ። መቼ ነው?»

ነገርኳት።

«ዓርብ? ታንክስጊቪንግ ማግስት?»

አዎ አልኩ።

«ይሄን ጓንት ስገዛ?»

አዎ አልኩ። የግራ እጇንም ጓንት አወለቀችና በረዶው ላይ አስቀመጠችው። እጇ ቀልቶ እያየሁት ወረድን። አንሺው አላልኳትም፣ እኔም አላነሳሁላትም።

ሀይዌይ ላይ የደረሰብኝ እንዳይደርስባት ብዬ አየር ላይ አደረስኩባት። ቃሉን የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ ጻፉ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ኃጢአቱን እንዳሉት ሙሉውን ወስጃለሁ። እርስዎን ግን ይቅር አላልኩም፣ እርስዎም እንዳይሉኝ። ዳላስ እስክንገባ ሳሮን ከኋላ ወንበር ማራኪን አቅፋ ተቀመጠች። የሰዎቹ ልጆች ሲዘፍኑ መጡ።

ለኃይለ መስቀል ደውዬ ሰምታለች፣ ሰዎቹ ይቅሩ አልኩት። «ብቻዋን ነው የሰማችው አይደል? እንግዲያው እንሄዳለን» አለኝ። ሁሉም መጣ፣ አንድም የቀረ የለም። ማክሰኞ በጨለማ መኪናዎቻችንን ፓርክ አድርገን ደረጃውን ወጣን። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሳሮን ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ወንበሮቹን ግድግዳውን አስይዛ ደርድራቸዋለች፣ ከጎረቤት የተዋሰቻቸውም ነበሩ። ማራኪ ውስጥ ተኝታለች።

«ግቡ» አለችን። ገብተን ተቀመጥን። ለቅሶ የጀመረ የለም፣ ሁሉም እሷን ይጠብቃል። መካከላችን ቆማ አንድ በአንድ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

«በሉ ንገሩኝ እንጂ» አለች። «እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።»

የምነግራት እኔ ነበርኩ። ስንት ቀን በልቤ ሳጠናው የከረምኩት ቃል ነበር። ተነሳሁ፣ አፌ አልታዘዘልኝም። ቄሱ አቀረቀሩ፣ ኃይለ መስቀል መሬት መሬት ያያል። ጠበቀችን። ማንም ሳይናገር ሲቀር፣ «አባቴ ሞቷል» ብላ እሷው አረዳችን።

እንግዳ